ወንድሜ የገጣጠመው ኮምፒውተር

ታናሽ ወንድሜ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ኮምፒውተሩ ግን እስካለፈው ወር ድረስ በየቀኑ ይሞት ነበር። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። እናቴ ከምሳ በኋላ ወደ እሱ ክፍል ትገባና ማብሪያውን ትጫናለች። ሌላ ነገር ልታደርግበት አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። የምትፈልገው ፋኑ ሲያጉረመርም መስማት ነው። እሱ በሕይወት እያለ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ያለው ቤታችን ከሰዓት በኋላ በዚያ ድምፅ ይሞላ ነበር፤ እሷም ሳሎን ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ልጇ ቤት መሆኑን የምታውቀው በእሱ ነበር። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ከዚያ አንዳንዴ በአምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ በሁለት ሰዓት፣ ሳይታሰብ ድርግም ይላል።

ያን ጊዜ ከአፏ የሚወጣውን ድምፅ መስማት አልችልም ነበር። ልቅሶ አይደለም። መርዶውን የነገርናት ቀን ያሰማችው ነው፣ ያው ራሱ። ስለዚህ ማሽኑን መጠገን ለእኔ የኮምፒውተር ጉዳይ አልነበረም፤ እናቴ በየቀኑ መርዶ እንዳትሰማ ማድረግ ነበር።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስለ ኤሌክትሪክ እንደ ጉድ አወራለሁ፤ ካቻቢቴ ስይዝ ግን አንድ ብሎን እንኳ በወጉ አልፈታም። ወንድሜ አሥረኛ ክፍልን እንኳ ሳይጨርስ ይህን ማሽን ከአሮጌ ዕቃ ለቃቅሞ ገጣጠመው። ሳጥኑን ከጥራጊ አወጣው፣ አንዱን ጎን በሽቦ አሰረው፣ ሠራም። እውነቱን ለመናገር እቀናበት ነበር። እናቴ ለእንግዳ የምታወራው ስለ እሱ ማሽን እንጂ ስለ እኔ ዲግሪ አልነበረም።

መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ፤ ሐረር ውስጥ መብራትን የማይጠረጥር የለም። ስታብላይዘር ገዛሁ፤ ማሽኑ ያው ጠፋ። ሜሞሪውን ነቅዬ የሚያብለጨልጨውን ጠርዙን በላጲስ ፈተግኩት። ሦስት ቀን ሠርቶ ጠፋ። አቧራውን አራገፍኩ፣ ፓወር ሳፕላዩን በአዲስ ቀየርኩ። በአራተኛው ቀን ያው ጠፋ። አሮጌውን ፓወር ሳፕላይ መጣል አቃተኝና በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከሸሚዞቼ ሥር አስቀመጥኩት።

የሚያስፈራኝ መጥፋቱ ብቻ አልነበረም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሳል። ወንድሜ እንደዚያ አድርጎ እንዳስተካከለው አውቃለሁ፤ ሲያደርገው አጠገቡ ነበርኩ። ቢሆንም አንድ ቅዳሜ ሳሎን ብቻዬን ተቀምጬ ፈተና ሳርም ከባዶው ክፍል ፋኑ ሲነሳ ቀዩ እስክሪብቶ ከእጄ ወደቀ። ምሳ ስንጠራው ሁልጊዜ “ቆይ መጣሁ” ይል ነበር፤ ያንን ያለኝ መሰለኝ። ማማተቤን ተማሪዎቼ ባያውቁ እመርጣለሁ።

እናቴም የራሷ ምርመራ ነበራት። “ነፍሱ አላረፈችም” አለችኝ አንድ ቀን። “አንተም እባክህ አትጎርጉረው።”

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ እሑድ ለጽዳት ነው ብዬ ዋሽቻት ማሽኑን በባጃጅ ወደ ጀጎል ይዤው ሄድኩ። ግንቡ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ፣ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ ሐረሪ ሽማግሌ አሉ። ወንድሜ ልጅ ሳለ ከደጃቸው አይጠፋም ነበር። ሳጥኑን ከፍተው ባትሪ አበሩበትና ማዘርቦርዱ ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ የደረቀ ነጭና አረንጓዴ ነገር አሳዩኝ።

“ይሄ ውሃ ነው ልጄ። ጣራችሁ ያፈሳል?”

“ኧረ አያፈስም፣ ጋሼ።”

“ቤት ማን አለ?”

“እኔና እናቴ ብቻ ነን።”

ፈገግ አሉ። “የእኔም እናት፣ አላህ ይርሐማት፣ ሬዲዮናችን ሲንኮሻኮሽ የዘምዘም ውሃ ትረጭበት ነበር። ወላሂ፣ አንድ ቀን ተቃጠለ። እስክትሞት አልነገርናትም።” ከዚያ ጠርገው፣ አድርቀው፣ ሽቦውን እንደነበረ አስረው መለሱልኝ። “ደግሞ ውሃ ካገኘው ግን አበቃለት” አሉኝ።

በሥራ ቀን እናቴ ከኪዳን የምትመለሰው እኔ ወደ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ተመልሳ ቁርስ እስክታቀርብ አልነቃም። ሰኞ ዕለት ሆን ብዬ አረፈድኩና ጠበቅኋት። ነጠላዋን ሳታወልቅ የጸበሉን ጠርሙስ ይዛ ወደ ወንድሜ ክፍል ገባች። አራቱን ማዕዘን ረጨች። በመጨረሻ መዳፏን ሞላችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወደ ማሽኑ ዞረች። ለካ እሱ ሲጠፋ እሷ ትረጫለች፣ እሷ ስትረጭ እሱ ይጠፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረዋል።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። “የምትገድይው አንቺ ነሽ” ከማለት ሌላ ቃል ግን አልመጣልኝም። ፈጥኜ ገባሁና ወንድሜ ወንበር ላይ፣ በእሷና በማሽኑ መሃል ተቀመጥኩ።

“ምነው? ትምህርት የለም እንዴ?”

“ራሴን አሞኛል እማዬ። እኔን እርጪኝ።”

እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ውሃው ፊቴ ላይ አረፈ፤ በጣም ይቀዘቅዝ ነበር። ደገመችኝ። በእርጥብ መዳፏም ግንባሬን ዳሰሰች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስትነካኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። የጸበሉ ውሃ በመኖሩ ደስ አለኝ፤ እንባዬን አላየችውም።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ አልጠፋም። በየጠዋቱ እዚያ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ርእሰ መምህሩ የማረፍድበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠይቆኛል፤ እስካሁን አልጻፍኩም። እናቴ ትረጨኛለች፣ ግንባሬን ታሻለች፣ “እግዚአብሔር ይማርልኝ” ትላለች። ዓይኗ ግን ከትከሻዬ በላይ አልፎ ማሽኑን ነው የሚያየው። እኔም ጠብታ እንዳያልፈኝ ቀና ብዬ እቀመጣለሁ።