አንገቷን የደፋችው ዳትሰን

ነአምን ሲግናል ሰፈር ውስጥ ታፔላ ይሠራል። የፀጉር ቤት፣ የሥጋ ቤት፣ የልብስ ስፌት ታፔላ ስታዩ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ የእሱ ነው፤ ከተንጋደደ የሌላ ሰው ነው። ይህን የሚለው ራሱ ነው። መልክ የሚባል ነገር ነፍሱ ነው። ጭቃ ውስጥ ሲሄድ እንኳ ጫማው አይቆሽሽም። እንዲህ መሆን ክፋት የለውም፤ ግን አንድ ሰኞ ቀን ጉድ ሊያፈላበት ነበር።

አባቱ ጋሽ አምባዬ ለመልክ ደንታ አልነበራቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንዲት ነጭ ዳትሰን ፒካፕ ከእንጦጦ ገበሬዎች ድንች እየጫኑ ሾላ ገበያ ያራግፉ ነበር። ድንች በሌለበት ቀን መኪናዋ የሰፈሩ ናት። የዕድር ድንኳን ትጭናለች፣ በሽተኛ ታደርሳለች፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ሬሳ ይዛ ወደ እንጦጦ ማርያም ትወጣለች። ጋሽ አምባዬ ለዚህ ነገር እምቢ ብለው አያውቁም። ታዲያ ያን ሁሉ ሰው የሸኙት ሰው የራሳቸው ቀን ሲደርስ፣ ዳትሰኗ ሞተሯ ተበትኖ ጓሮ ቆማ ስለነበር፣ በኪራይ መኪና ሄዱ።

ይህ ነገር ከጎረቤታቸው ከጋሽ አካሉ ሆድ አልወጣም። ጋሽ አካሉ የዕድሩ ሊቀመንበር ነበሩ፤ ከጋሽ አምባዬ ጋር ወንድማማች ነው የሚመስሉት። ነአምንን ባገኙት ቁጥር አንድ ነገር ይደጋግሙበታል።

«አባትህ በሰው መኪና ሄደ። እኔን ግን በዚህችው ነው የምትወስደኝ። ቃል ግባልኝ።»

ነአምን መጀመሪያ ለማስደሰት ያህል ቃል ገባ። በኋላ ግን ነገሩ ልቡ ውስጥ ገባና ዳትሰኗን ከጓሮ አወጣት። ሞተሯን አስነሳ፣ የወንበሯን ልብስ አሰፋ፣ ነጩን ቀለሟን እንደ አዲስ አስቀባ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! አላቆመም። ስልኩ ላይ የባሕር ማዶ ሰዎች የድሮ ፒካፖቻቸውን ፊት መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርገው ሲሽቀረቀሩ አየና እንቅልፍ አጣ።

ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዋጋው አይጠየቅም። ዳትሰን ግን የድሃ መላ አላት። ከፊት ጎማዎቿ ወደ ኋላ፣ በሆዷ ሥር፣ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ተዘርግተዋል፤ ቶርሽን ይሏቸዋል። ጫፋቸው ላይ ያለውን ቡሎን ስታጠብቀው ብረቱ ይጠመዘዝና የመኪናዋ ፊት ይነሳል፤ ስታላላው ዝቅ ይላል። የቡሎን መፍቻ ቁልፍና ክንድ ካለህ ሌላ ምንም አትከፍልም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን የአባቱ ሜካኒክ ወደነበረው ወደ አምሃ ወሰዳት። አምሃ ከሥሯ ገብቶ ሁለቱንም ቡሎን እኩል እኩል አላላና ፊቷ ሁለት ጣት ያህል ሲወርድ ቁልፉን አስቀመጠ።

«በቃ። ከዚህ በታች ኮፓው መንገድ ይልሳል።»

ኮፓ የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ቆርቆሮ ነው። እሱ ከተቀደደ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ሞተሩም ነክሶ ይቀራል።

«ትንሽ ጨምርልኝ» አለ ነአምን።

«እንጦጦ የምትወጣ መኪና ናት እኮ።»

«አሁን ድንች አልጭንባትም። ለምን ታካብዳለህ?»

«እንግዲያው ራስህ አላላው» አለና አምሃ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ጥሎት ገባ። በዚያው ተኮራረፉ። ነአምንም ሰፈር ወስዶ፣ ራሱ ከሥሯ ተኝቶ፣ የፊት ጎማዎቿ ፓራፋንጎው ውስጥ እስኪሸሸጉ ድረስ አላላው።

እሑድ ከሰዓት ደጅ ላይ አቁሟት በስልኩ ፎቶ ሲያነሳት ጋሽ አካሉ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ዙሪያዋን ዞረው አዩዋት።

«ምነው አንገቷን ደፋች?»

«ፋሽን ነው ጋሼ።»

ጋሽ አካሉ በሩን ከፈቱና ብቻቸውን ገብተው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ከታመመ ጀምሮ ሰው ሳይደግፋቸው መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም። ነአምን ግን ይህን ልብ አላለም። ሰውየው ገብተው ፎቶውን አበላሽተውበት ነበርና እስኪወርዱለት ብቻ ይጠብቃል።

«ስትፈልግ መልሰህ ታነሳታለህ?» አሉት።

«ቡሎን ማጥበቅ ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

ጋሽ አካሉ ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረጉ፤ ትንሽ ቆይተው ወርደው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዚያች ሌሊት ተኝተው ሳይነሱ ቀሩ።

ሰኞ ጠዋት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ዕድርተኛው ስለ መኪና ሲመክር፣ አንዱ ትልቅ መኪና እንከራይ አለ። የጋሽ አካሉ ባለቤት እትዬ ሒሩት ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«በአምባዬ መኪና ነው የሚሄደው። ልጁ ቃል አለበት።»

ሰው ሁሉ ወደ ነአምን ዞረ። ነአምን እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እንግዲህ ሬሳው ተገንዞ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነበረው። ቡሎኑን ለማጥበቅ ይበቃ ነበር፤ ራሱ ነው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ያለው። ነአምን ያንን ሰዓት ምን አደረገበት? መኪናዋን አጠበበት። ጎማዋን ቀባ፣ መስታወቷን ወለወለ፣ ከኋላ የጭነቱን ቦታ ጥቁር ጨርቅ አለበሰ። ጋሽ አካሉን ማክበር ማለት መኪናዋን ማሳመር መስሎታል። «እስከ ላይ አስፋልት ነው» እያለም ራሱን አሳመነ። ብቻ ሊነሳ ሲል ምን እንደታየው አይታወቅም፣ የቡሎን መፍቻውን ቁልፍ አንስቶ ከወንበሩ ሥር ወረወረው።

ሬሳው ከኋላ ተጫነ። እትዬ ሒሩት የባላቸውን ፎቶ ታቅፈው ጋቢና ከነአምን ጎን ተቀመጡ። ለቀስተኛው በሁለት አውቶቡስ ተከተለ። አስፋልቱ ላይ ምንም አልሆነም። ዳትሰኗ ባህር ዛፉን እየሰነጠቀች በሁለተኛ ማርሽ ወጣች፤ ነአምንም ልቡ መለስ አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባው የመጨረሻው መንገድ ላይ ሲደርስ ግን ፍሬን ያዘ። መንገዱ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ እንዲሁ በአፈርና በድንጋይ ተሞልቷል። ጎማ የሚረግጥበት ግራና ቀኙ ጎድጉዷል፤ መሀሉ አብጧል። ወደ ላይ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ቋጥኝ ከመሀል ጀርባውን አውጥቶ ተኝቷል። ግራው ገደል ነው፣ ቀኙ ግንብ፤ መተላለፊያ የለም።

ካህናቱ ጥላና መስቀል ይዘው እዚያው ይጠብቁ ነበር። ሰዉ ከአውቶቡስ ወርዶ በእግሩ ከኋላ ተሰለፈ። ከዚህ በኋላ ሬሳው እየቆመ ነው የሚሄደው፤ በየምዕራፉ ካህናቱ ይቆማሉ፣ ፍትሐት ይደርሳል፣ ጥቂት ይኬዳል፣ ደግሞ ይቆማል።

መኪናዋ ገና እንደተነሳች ከሆዷ ሥር ግርርር የሚል ድምፅ ወጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማው።

«ምንድነው እሱ?» አሉ እትዬ ሒሩት።

«ድንጋይ ነው እትዬ።»

ነአምን ወደ ላይ አሻግሮ አየ። ይህ ትንሹ ድንጋይ ነው፤ ቋጥኙ ገና ነው። ቋጥኙ ኮፓውን ይቀደዋል፤ ዘይቱ መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ ጋሽ አካሉ ከመኪና ላይ ይወርዳሉ። እውነት ነው፣ ወንዶቹ በትከሻቸው ያደርሷቸዋል፤ ድሮም እንዲሁ ነበር። ነገር ግን አባቱን በኪራይ፣ ጋሽ አካሉን በሸክም ሊሸኝ ነው ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ ለፎቶ። አፈረ። ከማፈሩ የተነሳ እትዬ ሒሩትን ማየት አቃተው።

ፍትሐቱን የሚመሩት መምሬ ፍቅረማርያም እጃቸውን አነሱና መኪናዋ ቆመች። የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ካህኑ ንባቡን ሲጀምሩ ነአምን ሞተሩን አጠፋ፣ ማርሽ ውስጥ ተዋት፤ የእጅ ፍሬኗ ደካማ ስለሆነ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንከባሎ ከኋላ ጎማዋ ሥር ወሸቀ። ከዚያ ቁልፉን ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ከነሙሉ ልብሱ ከመኪናዋ ሥር ገባ።

በክሪክ ሰቅሎ ፊቷን ማቅለያ ጊዜ የለም። ክብደቷን እንደተሸከመች ነው የሚያጠብቀው። ይህ አደገኛ ነው፤ የቡሎኑ ጥርስ ከተላጠ የተጠመዘዘው ብረት ተፈናጥሮ ፊት ያፈርሳል። ቁልፉን ቡሎኑ ላይ አግብቶ በሁለት እጁ ሳበ። አልሄደም። እግሩን ጎማው ላይ አስደግፎ እንደገና ሳበ፤ ቡሎኑ አቃሰተና ዞረ። ከውጭ ሹክሹክታ ይሰማዋል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እንጃ፣ ልጁ ሐዘኑ ከበደው መሰለኝ።»

ንባቡ ሲያልቅ በጭንቅ ጥቂት ዙር አጥብቆ ወጣ። የነጭ ሸሚዙ ጀርባ ጭቃ ሆኗል። መኪናዋ ስትነሳ ግን ሌላ ጉድ መጣ። ያጠበቀው የቀኙን ብቻ ስለሆነ ወደ ግራ አዘመመች፤ ከኋላም የሬሳ ሣጥኑ ተንሸራተተ። ለቀስተኞቹ ሮጠው ደገፉት። እትዬ ሒሩት ፎቶውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

በሁለተኛው ምዕራፍ ነአምን በግራ በኩል ሊገባ ሲያጎነብስ ሁለት እግር ቀድሞት ተዘርግቷል። አምሃ ነው። ለለቅሶ የለበሰውን ኮት ሳያወልቅ፣ ከአውቶቡሱ ሾፌር በተዋሰው ቁልፍ ግራውን ይዟል።

«ቀኙን ያዝ» አለ አምሃ። «ግራውን ከቀኙ አድርሼዋለሁ፤ ከእንግዲህ እኩል ካልሄድን ትገለብጠዋለህ። እኔ ስል ሳብ።»

«አምሃ፣ እኔ...»

«ኋላ ታወራለህ። ሳብ።»

ሳቡ። አምሃ በለሆሳስ ይቆጥራል፣ ነአምን ይከተላል፤ ከላይ የካህኑ ድምፅ ይንቆረቆራል። ወዲያው ድምፁ ዝግ እያለ መጣ፤ ንባቡ ሊያልቅ ነው። ነአምን ገና እንዳልበቃ ያውቃል። መምሬ ፍቅረማርያም ከመኪናዋ ሥር የወጡትን አራት ጫማዎች አዩ። የመጽሐፉን ገጽ ወደ ኋላ መለሱና ንባቡን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ዲያቆናቱ ተያዩ።

እንዲህ በየምዕራፉ እያጠበቁ ሄደው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ከቋጥኙ ፊት ለፊት፣ የነአምን ቡሎን ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ።

«ፊትህን አዙር» አለ አምሃ።

ነአምን ፊቱን አፈር ላይ ደፋ። ፈራ፤ እውነተኛ ፍርሃት። ልጅ ሆኖ አባቱ ከዚህችው መኪና ሥር ሲተኙ አጠገባቸው ተኝቶ የሚያየው ይህንኑ ብረት ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ የመጨረሻ ዙር ሳበ። ጥርሱ ያዘ።

ከዚያ በኋላ አምሃ ከቋጥኙ ማዶ በሆዱ ተኛ። ጉንጩን መሬት ላይ አስደግፎ ሥሯን እያየ በእጁ ይጠራዋል፤ ና፣ ና፣ ትንሽ ቀኝ፣ ና። ነአምን ፍሪሲዮኑን በእግሩ ጣት ይዞ አስጠጋት። ከሥር አንድ ጊዜ ጫር የሚል ድምፅ መጣ። አምሃ ከአፈሩ ላይ ቀና ብሎ አውራ ጣቱን አሳየው። ዳትሰኗ አለፈች።

ጋሽ አካሉ ቃል በተገባላቸው መኪና እንጦጦ ማርያም ደረሱ፤ ተቀበሩም።

ሰዉ መበታተን ሲጀምር እትዬ ሒሩት ወደ መኪናዋ መጡ። የመኪናዋ ፊት አሁን በጋሽ አምባዬ ጊዜ እንደነበረው ከፍ ብሎ ቆሟል። አሮጊቷ አንድ እግራቸውን አንስተው ሞከሩ፤ አልደረሰላቸውም። ሁለተኛም ሞከሩ። ነአምን በየምዕራፉ ጎማዋን ያስደገፈበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥቶ ከበሩ ሥር አስቀመጠላቸው። ያንን ረግጠው ገቡ።

«ትናንት ማታ አካሉ ምን እንዳለኝ ልንገርህ?» አሉት በሩን ሳይዘጋ። «የአምባዬ ልጅ ጉልበቴን አይቶ መኪናዋን ዝቅ አደረገልኝ፤ ያለ ደጋፊ ገባሁ፤ ሃያ አንድ ሲመጣ ማርያምን ልሳለም ውሰደኝ እለዋለሁ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎት ተኝቶ አያውቅም።»

ነአምን ዝም ማለት ይችል ነበር። ማንም አይጠይቀውም።

«እትዬ፣ አልዋሽዎትም። ለእሳቸው ብዬ አይደለም። ለፎቶ ነው ያደረግኩት።»

እትዬ ሒሩት የሸሚዙን ጭቃ አዩ፤ የቆሰሉ ጣቶቹን አዩ።

«እሱ ለእኔ ነው ብሎ ተኝቷል። እንደዚያው ይተኛ። አንተም ከእንግዲህ ለእሱ እንዳደረግከው አድርገህ ያዘው።»

ነአምን በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ቤት ሲደርሱ መውረጃ ያስፈልጋቸዋልና ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳና ከኋላ ጫነው።