የወይዘሮ ይታይሽ የይለፍ ቃል

ከባሕር ዳር ማለዳ ስነሳ ኪሴ ውስጥ የይለፍ ወረቀት ነበረኝ፤ የምሄደውም ለይለፍ ቃል ነበር። ደብረ ታቦር ያለ አንድ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሦስት ሠራተኞች የሚጋሩት ኮምፒዩተር አለው። ማሽኑ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ቃል የጻፈበትን ሰው ይቆልፍበታል። የዘር እደላውን ዝርዝር የሚያትሙት ወይዘሮ ይታይሽ ተቆልፎባቸው ማተሚያው ሥራ ፈቷል። ኃላፊው «አሻጥር ነው» የሚል ደብዳቤ ጽፈው አዘጋጅተዋል፤ የኮምፒዩተር ባለሙያው እኔ ካልፈታሁት ለበላይ ይላካል። በደርግ ጊዜ ይህች ቃል ሰው ታሳስር ነበር።

ወረታ ኬላ፣ ሦስት ሰዓት

ጠባቂው መታወቂያዬንና ይለፌን አስተያየ።

«እዚህ በጸሎቱ ጸ፣ እዚያ በፀሐዩ ፀ። ጸጋዬ፣ ሁለት ነህ እንዴ?»

«አንድ ነኝ።»

«በል እለፍ፤ ሁለት ብትሆን ሁለት ቲኬት ትቆርጥ ነበር» ብሎ አውቶቡሱን ሙሉ አሳቀው።

ከዚያ ወዲያ ጠጠሩ መንገድ ሽቅብ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ገበሬ የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ። የፎገራ ሜዳ ከኋላችን ቀረ፣ ብርዱ መጣ፣ እኔም ሹራቤን ደርቤ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ደብረ ታቦር፣ ከቀትር በኋላ

ወይዘሮ ይታይሽ ገና ሰላም ሳልላቸው፣ «ቃሌን አልናገርም!» አሉኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው የማያውቀውን ምረጡ ብትሉን የክርስትና ስሜን አደረግሁት። እሱን እንኳን ለሹም ለጎረቤትም አልናገር» አሉ።

የማሽኑን መዝገብ ከፈትሁ። ሙከራዎቹ ሁሉ ከራሳቸው ጠረጴዛ፣ በሥራ ሰዓት የተደረጉ ናቸው፤ የሌላ ሰው እጅ የለበትም። ታዲያ የገዛ ስማቸውን እንዴት ሳቱ? የኬላው ጠባቂ ትዝ አለኝ። ይህ ማሽን ከላቲን ፊደል ሌላ አያውቅም።

«በላቲን ሦስት ጊዜ ወረቀት ላይ ይጻፉት። እኔ ዞሬ እቆማለሁ» አልኋቸው።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ሳቅ ፈነዳ።

«ልጄ፣ ሦስቱም አይገናኙም! ጸን አንዴ በአንድ ፊደል፣ አንዴ በሁለት፣ አንዴ ደግሞ በሌላ ሁለት ጽፌዋለሁ!» አሉና፣ ምስጢር ያመለጣቸው መስሏቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ቁልፉን ፈታሁላቸው፤ አዲስ ቃል መረጡ፤ ማተሚያው እየተንጫጫ ዝርዝሩን ያወጣው ጀመር። ኃላፊው መዝገቡን አይተው ደብዳቤያቸውን በፊታችን ቀደዱት። እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

መልስ

በማግስቱ ወይዘሮ ይታይሽ አውቶቡሱ ድረስ መጡ።

«የክርስትና ስምህን ንገረኝ፤ በጸሎት አስብሃለሁ።»

ነገርኋቸው። እሳቸውም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የራሳቸውን ነገሩኝ። «አንተም አስበኝ» አሉ።

ባሕር ዳር ስገባ ፈገግታዬ አብሮኝ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲቆለፍበት፣ ምን እንዳጠፋ ከመጠየቄ በፊት እንዴት እንደጻፈው እጠይቃለሁ። የወይዘሮ ይታይሽን የክርስትና ስም ግን በጸሎቱ ጸም ሆነ በፀሐዩ ፀ እዚህ አልጽፈውም።