«አንድም በል!» ያሉኝ የኔታ አስረስ

ዛሬ ጠዋት ተደውሎ «የኔታ አረፉ» ተባልኩ። «የትኛው የኔታ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ንፋስ መውጫ ላይ ሌላ የኔታ የማውቅ ይመስል። ትናንት እኮ ከባጃጅ ውስጥ ዱላቸውን አውጥተው «ቅዳሜ እንዳትቀር!» ብለውኛል። ቀብረናቸው ተመልሰን እንኳ አላመንኩም።

ለማታውቋቸው፣ የኔታ አስረስ ቅኔ ቤት አድገው የሥነ ጽሑፍ መምህር የሆኑ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጦርነትን የሚያወግዝ አንድ ልቦለድ እያነበቡ፣ ልክ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ በአንድምታ ያስተረጉሙን ነበር። አንድ ትርጉም ሰጥቶ መቀመጥ የለም። «አንድም በል እንጂ! ምን ያስቸኩልሃል?»

እኔ ከጦርነቱ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሚስቴ ናት ጎትታ የወሰደችኝ።

የልቦለዱ ወታደር ጓደኛውን አጥቶ ከጦር ሜዳ ተመልሶም ቤቱ ውስጥ ጫማውን አያወልቅም። የኔታ «ለምን?» አሉ።

አንዱ ተማሪ «ጀግና ሁልጊዜ ዝግጁ ነው» አለ።

«አንድም!»

«እግሩ ቆስሎ ይሆናል» አለች ሌላዋ።

«አንድም!» አሉና እኔን አዩኝ። የወታደር ጫማዬንም አይተውታል።

«አንድም» አልኩ እየተንተባተብኩ፣ «ጫማውን ካወለቀ ጦርነቱ አለቀ ማለት ነው። ካለቀ ደግሞ ጓደኛው በቃ፣ ሞቷል ማለት ነው።»

ያኔ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ጥሩ መጥረጊያቸውን እንደያዙ፣ «የሞተው ጓደኛው የክርስትና ስም ማነው? ለቄሱ ሰጥቸ በጸሎት ይታሰብ ነበር» አሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የኔታ አልሳቁም።

«መጽሐፉ አልነገረንም፣ እትዬ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ የጓደኛህን ታውቀዋለህ?»

«ኃይለ ሚካኤል።»

ከሞተ ጀምሮ ስሙን ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እትዬ ጥሩ እንዳይረሱት እየደጋገሙ ሲሉት እሰማለሁ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ፣ ከጦርነቱ ከተመለስኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማዬን ፈታሁ። ሚስቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ሙሽራ የመጣ መስሎት ግልብጥ ብሎ ወጣ!

የኔታ፣ ዛሬ ቄሱ የክርስትና ስምዎን ሲጠይቁ ከሰው ሁሉ ቀድሜ «ወልደ ጊዮርጊስ» ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የቀረችንን ምዕራፍ ቅዳሜ እኔው አነባታለሁ፣ አይስጉ። በሰላም ይረፉ፣ አባቴ።

የኔታ ሞቱ ይላሉ።

አንድም፣ ያዳኑት ሰው በሕይወት አለ።