ሐይቅ ለማየት የሄድኩ ለታ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ጀብዱ የለበትም፤ ያየሁትም አንድ ሐይቅ ብቻ ነው። ግን በዚህ በመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴ፣ መኝታ ክፍላችን ጸጥ ሲል፣ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ያ ሐይቅ ስለሆነ ባልጽፈው ቅር ይለኛል።

አባቴ ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ ጭኖ ከነቀምቴ እስከ ሆሮ ገበያ ለገበያ የሚዞር ነጋዴ ነበር። እኔ ገና ጡት ሳልጥል፣ ጮመን ከሚባለው ረግረግ ዳር ባለች መንደር ወባ ጣለው፤ እዚያው ተቀበረ። እናቴ የሰማችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ከቤታችን አንድ ሰው መቃብሩ ላይ ሳይቆም ጥቁሬን አላወልቅም አለች። መጀመሪያ እኔን ማን ላይ ትታ ትሂድ? ቀጥሎ ግድብ ተሠራና ረግረጉ ሐይቅ ሆነ፤ መንገዱ ጠፋ ተባለ። በመጨረሻ ደግሞ እግሯ እምቢ አላት። እኔ ያደግሁት ጥቁር ቀሚስ እያየሁ ነው።

ዩኒቨርሲቲ መግቢያዬ ሲደርስ፣ «ሳትሄድ ቁምልኝ» አለችኝ። ያለችው ይኸው ብቻ ነው።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ በአውቶቡስ እስከ ጌዶ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ሽቅብ ወጣሁ። አደይ አበባው ኮረብታውን አልብሶታል፤ ደመናው ከመንገዱ በታች ይሄዳል። አጠገቤ «አየህ?» የምለው ሰው አልነበረም። ትንንሾቹን ከተሞች አንድ በአንድ አለፍናቸው፤ በየቆርቆሮ ቤቱ በረንዳ ሰዎች ተሰብስበው ያወራሉ፣ እኔን ቀና ብለው ያዩና ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

ሾፌሩ፣ «ጊዜው ክፉ ነው፤ እገሌን ፈልጌ መጣሁ አትበል፣ ማነህ ምንድነህ ይሉሃል» ብሎ መክሮኝ ነበር። ስለዚህ ማምሻውን ሐይቁ አጠገብ ካለ አጥር ውጭ ቆሜ ስጣራ፣ ለወጡት አሮጊት በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቼ ከነቀምቴ መሆኔን ነገርኩና፣ «ሐይቁን ለማየት ነው የመጣሁት፣ አዴ» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ከነቀምቴ ድረስ ውሃ ለማየት? እዚያ ዘንድሮ ክረምት አልገባም?»

«ያምራል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ያምራል!» አሉና ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ማደሪያና ወተት አልነፈጉኝም። ግን ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዙረው ተቀመጡ። እንግድነት እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ጠዋት ወደ ዳርቻው ሲወርዱ ተከተልኳቸው። ሐይቁ በእርግጥ ያምራል። ሣሩ ከሥሩ ተነቅሎ እንደ ደሴት ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ሲነፍስ መሬት የሚሄድ ይመስላል። መሃል ላይ የደረቁ ጽዶች ጫፍ ከውሃው ወጥቶ ይታያል። ሴትዮዋ እርጥብ ሣር ነጩ፣ ውሃ ውስጥ ነከሩት፣ ወደ ጽዶቹ በኩል ለቀቁት። ከዚያ ሳያዩኝ፣

«እዚህ ውሃ ለማየት የሚመጣ ሰው የለም» አሉ። «የሚመጣው ከውሃው ሥር ሰው ያለው ነው። ባሌ እዚያ ነው። ቤታችንም እዚያ ነው። ታቦቱን ኮረብታው ላይ አወጡት፤ ሙታኑን ግን ማን ያውጣቸው?»

ያን ጊዜ መደበቁ አስጠላኝ። የአባቴን ነገር፣ የእናቴን ጥቁር ልብስ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ዘወር ብለው ፊቴን ያዙት። «ጨው ሻጩ? ያ ሕፃን ባየ ቁጥር ጨው የሚያስልሰው? ኢልመ ኮ! ልጄ! ታዲያ ማታውኑ አትናገርም? ሐይቅ ያምራል ትለኛለህ እንዴ፣ አንተ ሞኝ!» መቱኝ፤ በመዳፋቸው፣ ትከሻዬን። ከዚያ ጽዶቹን አሳዩኝ። «ከሥራቸው ነው። ከባሌ ቀጥሎ።»

መቆሚያ አልነበረም። እናቴ ቁምልኝ ያለችው ቦታ ላይ ውሃ ቆሟል። ማልቀስም አቃተኝ፤ ለማላውቀው ሰው እንዴት እንደሚለቀስ አላወቅሁም። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱልኝ። ሲጨርሱ ሣር ነጭተው ሰጡኝ። «ለባሌ ስጥል ለሱም እጥላለሁ፤ ሰው አልነበረውማ። ዛሬ አንተ ጣልለት።» ጣልኩት። የሚንሳፈፈው ሣር እየተጎተተ መጥቶ ጽዶቹን ጋረዳቸው።

ነቀምቴ ስደርስ እናቴ በር ላይ ነበረች። «ቆምክ?» አለችኝ።

መንገዱን ሁሉ የፈራሁት ይህንን ነበር። «አልቆምኩም፣ እማዬ። ውሃ ውስጥ ነው። ዳር ነው የቆምኩት» አልኩና ስለ ሴትዮዋና ስለ ሣሩ ነገርኳት።

ይበቃታል ወይስ አይበቃትም እያልኩ እጆቿን አያለሁ።

«በየዓመቱ ትጥላለች?»

«መስከረም በመጣ ቁጥር አሉኝ።»

«ለብቻው መስሎኝ ነበር» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን ለብቻው መስሎኝ።»

በማግስቱ ጎረቤቶችን ጠርታ ጥቁሩን አወለቀች። የመስቀል ማግስት ነበር፤ መስከረም 18 ቀን 1979 ዓ.ም.።