የሚረጋው ዘይት ከሚለቀምበት አገር

ወንድሜ በረከት ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን እሑድ ነበር። ምንም የተለየ ነገር አልነበረበትም። ልብስ አጠብን፣ ሳይደርቅ ዘነበበት፣ እንደገና አጠብን። ማሌዥያ እንዲህ ነው። ዝናቡ እንደ ኮልፌ ክረምት አጥንት ውስጥ አይገባም፣ ሞቆ ነው የሚወርደው። ከዚያ ወንድሜ ሽሮ ሠራ። እማዬ ከላከችው አንድ ጣሳ የማይሞላ ቀርቶን ነበር።

ዘይቱን ከላስቲኩ ወደ ድስቱ ሲያፈስ ሳቀ። «አየህ፣ እዚህ አይረጋም።»

ሰፈር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከሸማች ተሰልፈን የምናመጣው ዘይት ነሐሴ ላይ ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ ይረጋል። እማዬ ጠዋት ጠዋት ከሰሉ አጠገብ አስቀምጣ ታቀልጠው ነበር። ያ ዘይት ከምን ዛፍ እንደሚመጣ ያወቅነው ግን እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። ሳሙናችንም ከእሱ ነው፣ ብስኩቱም ከእሱ ነው።

«ኮልፌ ሽንኩርቷን የምታቁላላው በእኔ ላብ ነው» አለ በረከት። «ለሰፈሩ ሰው ንገርልኝ፣ ሲበሉ ይመርቁኝ።»

ደላላው የላከን ኮሌጅ ብሎ ነው። ኮሌጁ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ፓስፖርታችን ላይ ግን እስከ ዛሬ ተማሪ ነን። ሥራ ያለው ጫካ ውስጥ ነው ሲሉን ወደዚህ መጣን። ጫካ የለም። ድሮ ነበር ይላሉ። አሁን መኪና ግማሽ ቀን ቢነዳ የሚታየው ያው አንድ ዓይነት የዘይት ዘንባባ ነው፣ በረድፍ በረድፍ። ወፍ እንኳ ብዙ የለውም።

በረከት ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ አጠና ተራ አጠና ሲሸከም ነው ያሳደገኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት በእሱ ትከሻ ነው። እዚህ የዘንባባውን የፍሬ ዘለላ የሚቆርጡት ጫፉ ላይ ማጭድ በታሰረበት ረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። መጀመሪያ ቀን ሲያነሳው «እንዴት ይቀላል!» ብሎ እንደ ሕፃን ተደሰተ። ከባሕር ዛፍ ሌላ ረጅም ነገር ይዞ አያውቅም። እኔ ፊዚክስ ተምሬአለሁ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ለፈተና ጽፌአለሁ። አልነገርኩትም። የደበቅኩት አይደለም… ትዝ አላለኝም። እውነቱ ይሄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማንዶሩ፣ እዚህ አለቃን እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ሥር ያለውን ረድፍ ሰጠን። የአገሩ ሰዎች ያንን ረድፍ አይነኩም። የሚሰጠው የሥራ ወረቀት ለሌለው ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ የረገፈውን ፍሬ እለቅም ነበር። ዘንጉ ሽቦውን ሲነካ ድምፁን ነው የሰማሁት። ዞር ስል ወድቋል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጣ። ፓስፖርቱን አገላበጠና በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

«ተማሪ ይላል።»

«አዎ።»

«ተማሪ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ይሠራል።»

«ተማሪ እንዲሠራ አይፈቀድም። ስለዚህ አልሠራም።»

«ታዲያ ምን ብለው ሊጽፉ ነው?»

አሰበ። ከልቡ አሰበ። «ሽርሽር» አለ።

ወንድሜ ማጭድ ይዞ ሽርሽር ወጥቶ ሞተ። ወረቀቱ ላይ ያለው እንደዚያ ነው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። እናት ብቻዋን ሆና አትሰማም። ስለዚህ ለእማዬ አልደወልኩም፤ የደወልኩት ለእድራችን ዳኛ፣ ለጋሽ ለማ ነው።

«ጋሽ ለማ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?»

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደሚጠይቅ ያውቃሉ።

«በረከት ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔን! እኔን ልጄን!» ከዚያ የዳኛ ድምፃቸው ተመለሰ። «ስማኝ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሴቶቹን ይዤ እገባለሁ። እስከዚያ እንዳትደውልላት። ከደወለችልህ ድምፅህን ጠብቅ። ምስሩንና ዘይቱን ዛሬውኑ ከሸማች አስወጣለሁ።»

«ጋሽ ለማ…»

«አቤት ልጄ።»

«እባክዎ የሚረጋውን አይግዙ።»

«የማይረጋውንማ ማን ችሎት? ሰፈሩ እንዳለ ሊመጣ ነው እኮ። ምነው፣ ምን አለው?»

«ምንም» አልኩ። ምን ልበላቸው? እኛ ቤትስ ሌላ ገብቶ ያውቃል?

ፀሐይ ሳትጠልቅ እማዬ ደወለች።

«በረከትን ስጠኝ።»

«ሥራ ላይ ነው እማዬ።»

«እስካሁን? በልቷል?»

«በልቷል።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ዝናብ መታኝ።»

«ውይ! ዝንጅብል አፍላና ጠጣ። ለእሱም አስቀምጥለት።»

«እሺ» አልኳት።

ኮልፌ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ ረፋድ አምስት ሰዓት ይሆናል። ማክሰኞ ጠዋት በረከት የቆረጣቸው ዘለላዎች ከመስመሩ ሥር እንደወደቁ ነበሩ። የተቆረጠው ጫፋቸው ላይ የሥራ ቁጥሩን በራሱ እጅ ጽፎበታል። ፍሬው ቶሎ ወደ መጭመቂያው ካልሄደ ይበላሻል። አብረውን የሚሠሩት ኢንዶኔዥያውያን ሰው የሞተበትን አንነካም አሉ። ማንዶሩ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ወደ ቦዩ ላንከባልላቸው ነበር ያሰብኩት። እዚያው ይበስብሱ፣ የማንም ድስት ውስጥ አይግቡ ብዬ።

«እነዚህ ካልተጫኑ» አለ ማንዶሩ፣ «የጎደለውን ከዚሁ ረድፍ ላስቆርጥ ነው።» ዘንጉን ሊሰጠው ያሰበው ልጅ ከኋላው ቆሟል። ባንግላዴሻዊ ነው፣ ከመጣ ወር አልሞላውም።

«እጭናለሁ» አልኩ። ለልጁ በእጄ ሽቦውን አሳየሁት፣ ከዚያ ዘንጉን፣ ከዚያ ደግሞ ሽቦውን። ገባው። ወደ ኋላ ሸሸ።

ስድስተኛውን ትራክተሩ ላይ ስወረውር ስልኬ ጠራ። እማዬ ነበረች። አታለቅስም። ከኋላዋ ግን ቤቱ ይጮሃል።

«አይተኸዋል? በዓይንህ?»

«አይቼዋለሁ እማዬ።»

«አሁን አንተ ጋ ማን ተቀምጧል?»

ዙሪያዬን አየሁ። ትራክተሩ አለ። ማንዶሩ ሰዓቱን ያያል።

«ሰው አለ» አልኳት። «ብዙ ሰው አለ።»

«ብቻህን እንዳይተዉህ በላቸው» አለች። ከዚያ ስልኩ ከእጇ ወደቀ መሰለኝ፤ የሴቶቹ ድምፅ ዋጣት። አልተዘጋም። እኔም አልዘጋሁትም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩትና የቀሩትን አንድ በአንድ ጫንኩ።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለ ማንዶሩ።

«ሰፈሬ ነው» አልኩት።