ከእትዬ ጫልቱ ቀጥሎ የነበረው ምስል

ባለፈው ሐሙስ ከጎረቤት ከተማችን ከቡሬ ወደ መቱ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ በስልኳ የፊልም ትሬለር ታይ ነበር። አንድ ሰው ይወድቃል፤ ምስሉ ቀስ ብሎ ይደበዝዝና ከውስጡ የምታለቅስ ሴት ትወጣለች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጸጉሬ ሸብቶም እንዲህ ያለውን ቅንብር ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

በወጣትነቴ መቱ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ሠርግም ለቅሶም እቀርጻለሁ። ሩቅ ያለ ዘመድ ለቀብር ካልደረሰ ካሴቱ ይላክለታል፤ እያየ እርሙን ያወጣል። የእትዬ ጫልቱ ልጅ ገመቹ ሲሞትም ጋምቤላ ላለው ወንድሙ ብለው አስቀርጸውኝ ነበር።

በዚያው ክረምት የከተማችን የድራማ ክበብ ፊልም ሠራ። ዋናው ተዋናይ ሶር ፏፏቴ አጠገብ ይሞታል፤ እናቱን ሆና የተጫወተችው ልጅ ግን ሽንኩርት ብታሸትም እንባዋ እምቢ አለ። ትሬለሩ የእኔ ሥራ ነበር። ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል በሌላው ውስጥ እያሟሟ ያሸጋግርልኛል፤ በዚያ ሰሞን የመቱ ሙሽራ ሁሉ ከአበባ ውስጥ ብቅ የምትለው በእኔ እጅ ነበር። ልጁ ሲወድቅ ፏፏቴውን አደበዘዝኩና ከገመቹ ለቅሶ ካሴት ደረታቸውን የሚደቁትን እትዬ ጫልቱን አስገባሁ። ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ የፊልሙ ስም። ክበቡ አጨበጨበልኝ። አንዱ ብቻ «ሴትዮዋ አይቀየሙም?» ቢል፣ «የገጠር ሰው ናቸው፣ የት ያዩታል?» አልኩት።

በገበያው ቀን ቴሌቪዥኑን ወደ ደጅ አዙሬ ከፈትኩት። ካፊያ ስለነበር ሰው የበቆሎ ጥብሱን እየጋጠ ጣራዬ ሥር ተጠልሏል። እትዬ ጫልቱ ጎደሬያቸውን ሸጠው ሲመለሱ እዚያው መሃል ቆሙ። አልጮሁም። አልቆ እስኪደገም ጠበቁ፤ ደግመው አዩት። በሦስተኛው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ከእኔ ቀጥሎ ገመቹ ነበር እኮ፤ ፎቶውን ይዘን ስንዞር። የት አደረስከው?»

ቆርጬ ጣልኩት እንዴት ይባላል?

«የፊልም ማስታወቂያ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«እና እኔ ለማን ነው የማለቅሰው?»

«ለዚያ... ለወደቀው ልጅ።»

«እሱን አላውቀውም» አሉ። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ አውጣኝ ከዚህ።»

እያዩ ሰረዝኩት። «ሌላ ቦታ የለሁም?» ሲሉኝ «የሉም፤ ዳግመኛም አይታዩም፣ ቃሌ ነው» አልኩ። ሲዲው ግን ለቡሬና ለኡካ ቪዲዮ ቤቶች በአውቶቡስ ሄዶ ነበር። የቡሬውን ራሴ ሄጄ አመጣሁ። ኡካ መንገዱ ጭቃ ነው ብዬ ቀረሁ። ጭቃው ሰበብ ነበር። እዚያ ትሬለሩን ያየ ሁሉ እያለቀሰ ትኬት እንደሚገዛ ሰምቼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የኛ ተገላቢጦሽ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ከሚኒባሱ ስወርድ እትዬ ጫልቱ በምርኩዛቸው እያዘገሙ አገኙኝ። እንደ ወትሯቸው እጄን ይዘው፣ «ቃሉን የጠበቀ ልጅ፣ እድሜ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። ለምርቃት አሜን ይባላል። እኔ ጎንበስ ብዬ ዝም አልኩ፤ እሳቸው ትሕትና ይመስላቸዋል።