አርባ ሰው ለምን መጣልህ?

ነዶ ተሸክሜ ወደ ክምሬ ስሄድ ነው የያዙኝ። ነዶውን አስጣሉኝና በማኪና ጎንደር አወረዱኝ። የገባሁበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ ወለሉ ላይ ነቀዝ ይሄዳል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ ነው።

ጥፋትህ የተባልሁት አርባ ሰው ሰብስበሃል ነው። እርግጥ ነው፣ ሰብስቤያለሁ። የኅዳር ዝናብ እንዳይቀድመኝ ደቦ ጠርቼ ገብሴን አሳጭጃለሁ። መርማሪው ግን፣ «አርባ ሰው ያለ ክፍያ ለምን መጣልህ? ስማቸውን ቁጠር» አለኝ። አልቆጠርሁም። «እስከ ነገ አስብበት» ብሎ መለሰኝ።

ክፍሉ ውስጥ አጠገቤ ሁለት ተማሪዎች ታስረው ነበር። ሕግ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ፣ የአንድ ክፍል ልጆች። አንዱ የጎንደር ከተማ ልጅ ነው። ሌላው ከምሥራቅ ቆላ፣ ግመል ከሚረባበት አገር የመጣ ነው፤ አማርኛውን ቀስ እያለ ነው የሚናገረው።

የከተማው ልጅ ነገሬን ሰምቶ ሳቀ። «ይቺማ ምን አላት አያ! ደቦ ነው ይበሉት፣ አለቀ። ደቦን የማያውቅ ማን አለ?»

«እኔ» አለ የቆላው።

ከዚያ ጥያቄውን አወረደው። ማን ጠራቸው? ምን በሉ? ከዚያ በፊት እርስዎ ማን ዘንድ ሄደው ነበር? እኔም በልቤ፣ ይኸ ልጅ የነሱ ጆሮ ነው አልሁ። መርማሪው የጠየቀኝን ነው እኮ ደግሞ የሚጠይቀኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ግድግዳው ዞርሁ።

«ምነው አያ፣ አስቀየምሁዎት?»

«የለም ልጄ፣ ደክሞኝ ነው።»

የከተማው ልጅ ገባበት። «አንተ ደግሞ፣ እዚህም የትምህርት ክፍል መሰለህ? አያ፣ ይኸ ልጅ አንድ ቀን መምህሩን፣ መሬት አጥር ከሌለው የማን መሆኑ በምን ይታወቃል ብሎ ሰዓቱን በሙሉ በላብን። ሳቅንበት።»

«ከዚያስ?» አልሁ።

«ከዚያማ ፈተናው ላይ እሷው መጣች። እኛ የምናውቃት መስሎን አላነበብናትም።»

የቆላው አልሳቀም። «አያ፣ መርማሪው የዚህ አገር ሰው ነው?»

«አነጋገሩ እንኳ የኛ አይመስልም።»

«እንግዲያው እሱም እንደ እኔ ነው። እኛ ዘንድ አርባ ወንድ በአንድ ጧት ስለት ይዞ ከወጣ ለጠብ ነው።»

ደነገጥሁ። ይኸ አንድም ቀን በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። «ስማቸውን አልነግርህም» አልሁት ቁርጡን።

«አይንገሩኝ» አለ። «እኔን በምን ያውቁኛል? ያጨዳችሁትን ማሳ ብቻ ይንገሩኝ።»

ያኔ ፊቴን መለስሁ። ባሏ የሞተባትን የጎረቤቴን ስንዴ እንዳጨድን፣ የደብሩን ባቄላ እንደነቀልን፣ ተራው ሲደርስ የኔ እንደመጣ ነገርሁት። እሱ ይጠይቃል፣ የከተማው ልጅ ቅደም ተከተሉን ያስይዘኛል። እስኪመሽ አስጠኑኝ።

በነጋታው ለመርማሪው ከሥሩ ጀምሬ ነገርሁት። ሰማኝ። ሰምቶም፣ «ስም!» አለ።

«ስም አልሰጥም ጌታዬ። ማሳውን ግን ላሳይዎ፣ አብረን እንሂድ።»

ጽፎ ጨረሰና የጣት አሻራ ቀለሙን ገፋልኝ።

«ይነበብልኝ» አልሁ።

እየከፋው አነበበው። አርባ ሰው ለስብሰባ ጠርቻለሁ ይላል። «ለአጨዳ ይባልልኝ» ብዬ ጣቴን አጠፍሁ። ጣቴን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ሰረዘና ጻፈ፤ እኔም ፈረምሁ።

ከሳምንታት በኋላ ለቀቁኝ። ከአርባው አንድም ሰው አልተጠራም። ልጆቹ ግን ስወጣ እዚያው ነበሩ፤ ይውጡ አይውጡ እስከዛሬ አላወቅሁም። ትምህርት አንድ ዓይነት ሰው ተሰብስቦ አንድ ነገር የሚያውቅበት ይመስለኝ ነበር። ያ የቆላ ልጅ ባይኖር እኔና የከተማው ልጅ «ደቦ ነው» ብለን ተግባብተን አብረን እንጠፋ ነበር።

ዘንድሮ ከሌላ አገር የተመደበ የግብርና ባለሙያ ደቦዬ ላይ መጥቶ ይጠይቀን ጀመር። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞሩ። አልፈርድባቸውም። እኔ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ማን ለማን እንደሚያጭድ፣ ለምን እንደሚያጭድ ሳልቸኩል ነገርሁት። ስም የጠየቀኝ ጊዜ ግን ጠላ ጨመርሁለት።